አንድሮሜዳ በመስታወት ላይ

በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እናቷ ካሲዮፔያ በልጇ ውበት አጉል ብትመካ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ አውሬ ሰደደ፤ ልጅቱም ከዐለት ጋር በሰንሰለት ታሰረች። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ጠይም መሆኗን ጽፏል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን ለዘመናት ነጭ አድርገው ሲሥሏት ኖሩ። እናም አንዲት ፎቶ አንሺ አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ግቢዋ ውስጥ ጥንታዊ ካሜራ ተክላ ራሷን እንደ አንድሮሜዳ ብታነሣ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይሆንም።

ራስን ሌላ ሰው አስመስሎ ማንሣት ከፎቶግራፍ ጋር የተወለደ ነው። ፈረንሳዊው የመንግሥት ሠራተኛ ኢፖሊት ባያር በ1840 እ.ኤ.አ. ውኃ የበላውን ሬሳ መስሎ ተነሣ። መንግሥት ለሌላው የፎቶግራፍ ፈልሳፊ ለዳጌር አበል ቆርጦ የእሱን የባያርን የፎቶ ፈጠራ ችላ ስላለው ነበር። ኩርፊያ ነው እንግዲህ!

ከእኛ ወገን በዚያ ዘመን ካሜራ ፊት ከቀረቡት አንዱ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። መቅደላ በወደቀች በሦስት ወሩ፣ በሐምሌ 1868 እ.ኤ.አ.፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በእንግሊዝ ዋይት ደሴት አነሣችው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ካሜሮን በዚያው ዓመት አንዲት ሴት የግሪኮቹን የተረት ሰው ኤኮን አስመስላ አንሥታለች። ልዑሉን ይዞት የሄደው ካፒቴን ስፒዲም የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮት ተነሥቷል። ስፒዲ ይተውናል፤ ልጁ ግን የሚተውነው ነገር የለውም። ፊቱ ላይ ይታያል።

የካሜሮንም የፎቶ አንሺያችንም ዘዴ፣ ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው፣ እርጥብ ኮሎዲዮን ይባላል። በንጹሕ መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባለው ዝልግልግ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ መስታወቱን እያዘነበሉ አራቱንም ማዕዘን ማዳረስ ነው። ከዚያ በጨለማ ክፍል ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል። ሳይደርቅ ተነሥቶ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት፤ ያለው ጊዜ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይዘልም፣ በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ ያጥራል። ውኃው በፈረቃ ከሆነ ጀሪካኖቹን ቀድሞ መሙላት ያስፈልጋል። ሲልቨር ናይትሬት የነካው ጣት ለቀናት ይጠቁራል።

ኮሎዲዮን ቀይና ቢጫ አያይም። የሐበሻ ቀሚስ ቀይና ቢጫ ጥለት ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊው ይነጣል። ጠይም ቆዳም ከእውነቱ በላይ ይጠቁራል፤ ሠዓሊዎቹ ሲያነጧት የኖሩት ልጅ እዚህ መድኃኒት ላይ ስትደርስ ትገለበጣለች። መልኳ በደንብ እንዲለይ ሌንሱን ለተጨማሪ ሰከንዶች ክፍት ማድረግ ያሻል። ፎቶ አንሺዋ ሳትነቃነቅ መቆም አለባት፤ እንደ አንድሮሜዳ እጇም ታስሯል። የሌንሱን ክዳን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። የጎረቤት ልጅ ይበቃል፣ ሳይቸኩል እስከ ስምንት መቁጠር ከቻለ።