የኢንተርኔት ማማዎች ሰዓታቸውን ከሰማይ የሚሞሉት ለምንድን ነው?

ራውተሩ ሙሉ ምልክት ያሳያል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የቪዲዮ ምስል ጥርት ያለ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያሉት እናት ግን «አትታየኝም፣ ድምፅህም ይቆራረጣል» ይላሉ። ኢንተርኔታቸውን በገመድ ሳይሆን ከማማ በሚለቀቅ የራዲዮ ሞገድ የሚያገኙ ቤተሰቦች ለዚህ ግራ የሚያጋባ ብልሽት እንግዳ አይደሉም። መንስኤው ብዙ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎች ከሚጠረጥሯቸው አንዱ ግን የማማው ጆሮ በጎረቤቱ ጩኸት መደንቆሩን ነው።

ቋሚ ገመድ አልባ ኢንተርኔት የሚባለው ይህ አገልግሎት፣ ፋይበር የመቅበር ወጪ በማይቀመስበት የአሜሪካ ገጠር ለዓመታት የትናንሽ ድርጅቶች እንጀራ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ትልልቆቹ የሞባይል ኩባንያዎችም «የቤት ኢንተርኔት» ብለው በከተማ ይሸጡታል፤ በአንዳንድ ሐበሻ ቤት መስኮት ሥር የተቀመጠችው ሣጥንም የዚሁ ዘር ናት።

ችግሩን ለመረዳት የኃይሉን ልዩነት ማሰብ ይበቃል። በማማው ላይ ያለው ራዲዮ አንድ ዋት ገደማ ይለቃል እንበል። ከኪሎሜትሮች ርቀት፣ ከደንበኛው ጣሪያ ተነሥቶ ማማው ዘንድ የሚደርሰው ሞገድ ግን የአንድ ዋት ቢሊዮንኛ እጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህን ሹክሹክታ ለመስማት ማማው ራሱ ዝም ማለት አለበት። ስለዚህ ብዙዎቹ ሥርዓቶች በአንድ የሞገድ መስመር ላይ በተራ ይሠራሉ፤ ማማው ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ይናገራል፣ ቀጥሎ ዝም ብሎ ደንበኞቹን ያዳምጣል።

አንቴናው አንድ ብቻ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አራት አንቴናዎች አራቱን አቅጣጫ ይዘው ይሰቀላሉ። የሞገድ ቦታ ውድ በመሆኑም ጀርባና ጀርባ ሆነው የቆሙት ሁለቱ አንድ መስመር ይጋራሉ። የሰሜኑ አንቴና ሲያዳምጥ የደቡቡ የሚናገር ከሆነ፣ ከጀርባው የምታፈተልከው ጥቂት ኃይል እንኳ ከሩቅ የመጣውን ሹክሹክታ ለመዋጥ አታንስም። የሚጎዳው እንግዲህ ወደ ማማው የሚሄደው መልእክት ነው፤ የእናትየውን ምስል አምጥቶ የልጁን ያስቀረውም ይኸው ነው። መፍትሔው የማኅሌትን ሥርዓት ይመስላል። ማማዎቹ ሁሉ እንደ ቀኙ ወገን አብረው ይጀምራሉ፣ አብረው ያቆማሉ፤ ጣሪያዎቹ ደግሞ እንደ ግራው ወገን ተራቸውን ጠብቀው ይቀበላሉ።

ለዚህም ሁሉም አንድ ሰዓት ማየት ይኖርባቸዋል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች አቶሚክ ሰዓት ተሸክመው ከምድር 20,200 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ፤ በማማው ላይ ያለች ትንሽ መቀበያ ከእነሱ ጊዜውን ወስዳ በየሰከንዱ አንድ ምት ትሰጣለች። በተራ በሚሠሩ የአራተኛና የአምስተኛ ትውልድ ኔትወርኮች የማማው ሰዓት ከጋራው ጊዜ ከ1.5 ማይክሮሰከንድ በላይ እንዳይርቅ ይፈለጋል። ማይክሮሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ሲሆን፣ በዚያች ቅጽበት ብርሃን 300 ሜትር ይጓዛል። በ30 ኪሎሜትር ርቀት ያለ የጎረቤት ማማ ሞገድ እንግዲህ 100 ማይክሮሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። በመናገርና በማዳመጥ መካከል የዝምታ ክፍተት የሚተወውም ለዚህ ነው፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ግን የኢንተርኔቱ አቅም ይቀንሳል።

ሰዓት ማስተካከሉ ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪው ስምምነቱ ነው። አንዱ ድርጅት ከጊዜው 75 በመቶውን ለመናገር፣ ጎረቤቱ ደግሞ ግማሹን ብቻ ቢመድብ፣ የሁለቱም ሰዓት ትክክል ሆኖ ሳለ አንዱ ለማዳመጥ ዝም ባለበት ሌላው ገና እየጮኸ ይሆናል። በብሪታንያ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በ2018 በ3.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ፈቃድ ሲሸጥ፣ የጋራውን የጊዜ ክፍፍል ለሚከተሉ ላላ ያለ፣ ለማይከተሉ ጠበቅ ያለ የሥርጭት ገደብ አስቀምጧል። በአሜሪካ ከ3550 እስከ 3700 ሜጋኸርዝ ባለው የጋራ መስመር፣ የባሕር ኃይሉ ራዳር እንዳይረበሽ መስመርና ኃይል የሚደለድል አውቶማቲክ ሥርዓት አለ። መስመሩን ያለ ጨረታ የሚጋሩት ድርጅቶች እርስ በርስ ተራ የሚከፋፈሉት ግን በአመዛኙ በስልክ ጥሪና በመልካም ፈቃድ ነው። ትንሹ ድርጅት ትልቁን ጎረቤቱን ማስገደድ አይችልምና፣ ጥብቅ ቢመስልም የብሪታንያው መንገድ ለደካማው ይበጃል።

ሰዓቱም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2016 የአሜሪካ አየር ኃይል አንድ ያረጀ የጂፒኤስ ሳተላይት ከአገልግሎት ሲያስወጣ፣ በሌሎች ሳተላይቶች ላይ በተጫነ የተሳሳተ መረጃ ምክንያት የዓለም አቀፉ ሰዓት በ13 ማይክሮሰከንድ ገደማ ተዛብቶ ተሠራጨ። መንገድ የሚመሩ መሣሪያዎች አልተሳሳቱም፤ በብሪታንያ ግን የቢቢሲ ዲጂታል ራዲዮ ተስተጓጎለ፣ በተለያዩ አገሮችም የቴሌኮም መሣሪያዎች የማስጠንቀቂያ ደወል አሰሙ። ለእንዲህ ያለው ቀን ማማው የራሱ መጠባበቂያ ሰዓት ሊኖረው ይችላል፤ ርካሹ ኳርትዝ ቶሎ ይዛነፋል፣ ሩቢዲየሙ ረዘም ላለ ጊዜ ይታመናል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ጊዜውን በምድር በኩል፣ በፋይበር መስመር ማስመጣትም ይቻላል። ፋይበር ላልደረሰው የገጠር ማማ ግን ይህ ምርጫ የለም።