ቦዩ ሳይሞላ

ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ በቋጠረ ቦይ ውስጥ አይተኛም፤ ይነሳል። 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ኤችዲፒኢ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ቱቦ በየሜትሩ 31 ኪሎ ያህል ውሃ ይገፋል። የራሱ ክብደት ግን፣ እንደ ግድግዳው ውፍረት ቢለያይም፣ በተለመደው ዓይነት 7 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ማታ ደረጃው ተለክቶ የተዘረጋ መስመር ሌሊቱን ውሃ ሲሰርግበት ካደረ ጠዋት ጎብጦ ይገኛል። ፎርማኑ ያን ጊዜ በአካፋ ተጭኖ አፈር ሊያለብሰው ይችላል። ከላይ ሲታይ ምንም የለም። ከሥር ግን ጉብታው ላይ አየር ይጠራቀማል፤ ፍሳሽ የሚሄድበት ከሆነ ደግሞ ጎድጓዳው ላይ ደለል ይተኛል።

እንዲህ ያለው ነገር የሚያሰጋው እንደ ጨፋ ባለ መሬት ነው። ጨፋ ሮቢት በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የአርጡማ ፉርሲ ወረዳ ከተማ ናት፤ የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ ነው። (ቱቦ ጭኖ የሚልክ ሰው ስሙን አሟልቶ ይጻፍ፤ ሸዋ ሮቢት በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ያለች ሌላ ከተማ ናት።) የቦርከና ወንዝ የደሴንና የኮምቦልቻን ውሃ ሰብስቦ ወደዚህ ሸለቆ ይወርዳል፣ ሜዳው ላይ ተንጣሎ ረግረጉን ይሠራል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በሸለቆው ወለል ብዙ ቦታ አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጥቂት ሲቆፈርም ውሃ የሚቀድምበት ቦታ አለ።

የውሃና ፍሳሽ ግንባታ ቁጥጥር ደንብ ብዙ ገጽ ቢሆንም ሥሩ አንድ ትእዛዝ ነው፦ ተቆጣጣሪው አይቶ ሳይፈርም ቦይ አይሞላ። ሕንፃ ቢጣመም አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ቱቦ የሚታየው ግን ቦዩ ውስጥ ከወረደበት አንስቶ አፈር እስኪመለስበት ድረስ ላሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ስለዚህ የተቆጣጣሪው ሥልጣን ሁሉ ያለው እነዚያ ቀናት ላይ ነው። «ኢንጂነር፣ እንሙላው?» ለሚለው የፎርማን ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ በኋላ ከሚጻፈው ወፍራም ሪፖርት ይበልጣል።

በአንድ የከተማ ውሃ ፕሮጀክት ላይ ሦስት ወገኖች አሉ። አሠሪው የከተማው የውሃ አገልግሎት ወይም የክልሉ ውሃና ኢነርጂ ቢሮ ነው። ሠሪው ተቋራጩ ነው። ሦስተኛው አማካሪው ሲሆን ሳይት ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። በአማራ ክልል የዲዛይንና የቁጥጥር ሥራ ከሚሠሩት አንዱ የአማራ ዲዛይንና ቁጥጥር ሥራዎች ድርጅት ነው። በግንባታው በኩል ደግሞ የአማራ ውሃ ሥራዎች ኮንስትራክሽን ድርጅት አለ። ሁለቱም የክልሉ መንግሥት ንብረት ናቸው። አሠሪ፣ ሠሪና ተቆጣጣሪ ሁሉም ከአንድ ቤት በሚሆኑበት ሥራ ላይ የ«አቁም» ትእዛዝ የሚጸናው በውሉ ብርታት ብቻ ሳይሆን ሳይት ላይ ባለው ሰው ድፍረትም ጭምር ይመስለኛል። ስለዚህ የሳይት መዝገብ በየቀኑ መጻፉና በሁለቱም ወገን መፈረሙ እንደ ቢሮክራሲ ሊታይ አይገባም፤ ደፋር ላልሆነውም ሰው መደገፊያ ነው።

ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚያየው ወለሉን ነው። ቱቦ በድንጋይ ወይም በዋልካ ጓል ላይ አይቀመጥም፤ ከሥሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አሸዋ ወይም የተነፋ ልል አፈር ይነጠፍለታል፣ በጎንና በላዩም እንዲሁ ይለብሳል። በሌላ አገር ከቦዩ የወጣው አፈር ተመልሶ ሊያገለግል ይችላል። ጨፋ ላይ ግን የወጣው ዋልካ ቱቦው አጠገብ ከተመለሰ በየዓመቱ እያበጠና እየተኮማተረ መገጣጠሚያውን ያናጋል። ስለዚህ ሴሌክት ማቴሪያል የሚሉት የተመረጠ አፈር ከሩቅ መምጣት አለበት፤ ነዳጅ፣ ገልባጭ መኪና፣ ገንዘብ ይጠይቃል። ተቋራጭ የሚፈተነው እዚህ ነው፤ ዋልካው ቦዩ አፍ ላይ ተከምሮ በነፃ ይጠብቀዋል።

ሌላ የሸለቆው ጉዳይ ከብቱ ነው። በበጋ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ከብትና ግመሉን ወደ ጨፋ ሣር ይነዳል። መሬቱ ለቁፋሮ የሚመቸውም በዚያው ወራት ነው። ክፍት ቦይ በመንጋ መንገድ ላይ ሲያድር የእንስሳ እግር ይሰብራል፣ የቦዩ አፍም ይናዳል። ጥሩ የሥራ መርሐ ግብር በቀን የሚቆፈረው በዚያው ቀን ቱቦ ሊለብስ ከሚችለው እንዳይበልጥ ያዛል። ይህ ደንብ ብዙውን ጊዜ ለትራፊክ ተብሎ የሚጻፍ ነው፤ እዚህ ግን ለግመልም ያገለግላል።

ከዚያ የግፊት ሙከራው ይመጣል፤ ሳይት ላይ ፕሬዠር ቴስት ይሉታል። የውሃ ማጠራቀሚያው ከከተማው 60 ሜትር ከፍ ብሎ ኮረብታ ላይ ቢሠራ ታችኛው ቱቦ 6 ባር ያህል ግፊት ይሸከማል። ሙከራው በተለመደው አሠራር የዚያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ 9 ባር፣ ይሆናል። ቱቦው ከመሃል አፈር ይለብሳል፣ መገጣጠሚያው ግን ተገልጦ ይቆያል። መስመሩ ከዝቅተኛው ጫፍ ቀስ ተብሎ ይሞላል፤ አየሩ ከከፍተኛው ቦታ እንዲወጣ ይደረጋል። የታመቀ አየር ካለ የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ይዋሻል። መታጠፊያው ላይ ያለው ኮንክሪት ሳይጠነክር ከተሞከረ ደግሞ ቱቦው ገፍቶት ይወጣል።

ኤችዲፒኢ አንድ ጠባይ አለው፤ ግፊት ሲያገኝ ይለጠጣል። ምንም ሳያፈስ ጌጁ መጀመሪያ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ውሃ እየተጨመረ ግፊቱ ተጠብቆ ከቆየ በኋላ ነው ትክክለኛው ሰዓት የሚቆጠረው። ይህን የማያውቅ ተቆጣጣሪ ደህናውን መስመር ይጥላል። የባሰው ግን ተቃራኒው ነው፦ በእውነት የሚያፈስ መገጣጠሚያ እያለ ፎርማኑ «ፕላስቲክ ስለሆነ ነው፣ ይለጠጣል» ሲለው አምኖ የሚፈርም። መለያው ቀላል ነው። መለጠጥ እየቆየ ይረጋል፣ የሚያፈስ መስመር ግን አይረጋም።

ትንሽ ቀዳዳ ምን ያመጣል ለሚል፣ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ5 ባር ግፊት በቀን 11,000 ሊትር ያህል ያፈሳል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ20,000 ሕዝብ በታች ላላቸው ከተሞች የተያዘው መለኪያ በነፍስ ወከፍ በቀን 40 ሊትር ነበር። በዚያ ስሌት አንዲት ቀዳዳ ከ270 ሰው በላይ ድርሻ ይዛ ትሄዳለች፤ የሚፈሰው ውሃም መሬት ላይ ላይታይ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል። ተቋራጭ በየጊዜው የሚያቀርበው የክፍያ ሰርተፍኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው የተዘረጋ ሜትር ነው። ለግፊት ሙከራ የሚያዘው ገንዘብ ከቱቦው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እንዲህ ከሆነ መቅበር ያስከፍላል፣ መሞከር ያዘገያል። ከሜትሩ ዋጋ ከፊሉ ሙከራውን ካለፈ በኋላ የሚከፈል ተብሎ ውሉ ላይ ቢጻፍ፣ ከብዙ የቁጥጥር ስብሰባ ይልቅ ይሠራ ነበር።

ሙከራውን ያለፈ መስመር ይታጠባል፤ ቀጥሎ በክሎሪን ይሞላል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መጠን በሊትር 25 ሚሊ ግራም ሲሆን ለ24 ሰዓት ይቆያል። 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአንድ ኪሎ ሜትር መስመር 17.7 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ 65 በመቶ ጉልበት ያለው የክሎሪን ዱቄት 680 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ይህን የመሰለ ርካሽ ሥራ መዝለል ምን እንደሚያስከትል የእንግሊዟ ክሮይደን በ1937 እ.ኤ.አ. አይታዋለች። በአንድ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ጥገና ሲካሄድ ማጣራቱና ክሎሪኑ ተቋርጦ ነበር፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ደግሞ ሳያውቅ የታይፎይድ ጀርም ተሸካሚ ነበር። ውሃው ወደ ከተማው ሄደ፣ 43 ሰው ሞተ።

የፍሳሽ መስመር ደንብ ለየት ይላል፤ እዚያ ግፊት የለም፣ ተዳፋት ነው ያለው። 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየ1,000 ሜትሩ ቢያንስ 4 ሜትር ይውረድ ይባላል፤ ከዚያ ካነሰ ቆሻሻው ይቀራል። ቀጥታነቱ ከማንሆል እስከ ማንሆል በመብራትና በመስተዋት ይታያል። በቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ ላላት አዲስ አበባ ይህ የዕለት ሥራ ነው። እንደ ጨፋ ሮቢት ባለ ከተማ ግን ፍሳሹ በየጊቢው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ስለዚህም ከውጭ የተቀዳው የርቀት ደንብ እዚህ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የአሜሪካ መመሪያዎች የውሃ ቱቦ ከፍሳሽ ቱቦ 3 ሜትር ያህል ይራቅ፣ ከተሻገረም 45 ሴንቲ ሜትር ከበላዩ ይለፍ ይላሉ። የፍሳሽ ቱቦ በሌለበት ከተማ ተቆጣጣሪው «መሻገሪያ የለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሊለካው የሚገባው ግን የጎረቤቱን መጸዳጃ ጉድጓድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ከተማ፣ ፈረቃው ሲያልቅ ቱቦው ባዶ ይሆናል፣ በዙሪያው ያለው ርጥበትም በላላ መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ ይሳባል። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት በጨፋ ያ ርጥበት ከጉድጓዱ ጋር የተገናኘ ሊሆን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራ ለመገንባትም፣ ቆሻሻ ወደ ውሃ ሀብት ለመልቀቅም ፈቃድ ይጠይቃል። በየጊቢው የሚቆፈረውን ጉድጓድ ግን የሚያየው የከተማው ባለሙያ ነው፤ ካየው።

ሥራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ በተለመደው ውል ከዚያ በኋላ 365 ቀን የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አለ። ብዙ ሰው የተቋራጩ ኃላፊነት በዚያ የሚያበቃ ይመስለዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ግን በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ትክክለኛነትና ለግንባታው ጥንካሬ ለአሥር ዓመት ዋስ ነው ይላል። ከመሬቱ ጠባይ የመጣ ጉዳትም በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ዘመኑን የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። «ዋልካ ነው ያበላሸው» የሚል መልስ እዚህ አያዋጣም።

ያን የአሥር ዓመት ዋስትና ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ሰነድ የሳይት መዝገቡ፣ የሙከራ ወረቀቱና መስመሩ እንደተሠራ የሚያሳየው ንድፍ ነው። ንድፉ የታቀደውን ሳይሆን የተቀበረውን ያሳይ፤ እያንዳንዱ ጌት ቫልቭ ከማይነቀል ነገር፣ ከመስጊድ ማእዘን ወይም ከድልድይ ራስ፣ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይጻፍበት። አንዱ ቅጂ የሚቀመጠው ዘወትር ቁልፍ ይዞ ቫልቭ በሚከፍተውና በሚዘጋው የከተማው የውሃ አገልግሎት ሠራተኛ እጅ ነው።