ትንሿ 10 የት ገባች?

1,000 ብር በዓመት 10 በመቶ ወለድ፣ ወለዱም እየወለደ፣ 10 ዓመት ቢቀመጥ ስንት ይሆናል? ቀመሩ 1,000 × 1.1¹⁰ ነው፤ መልሱ 2,594 ብር ገደማ። ይህንኑ ቀመር ከድረ ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው 1,000 × 1.110 ነው። መልሱ? 1,110 ብር። 1,484 ብር መንገድ ላይ ቀለጠ ማለት ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚልኩልኝ ተማሪዎች አይጠፉም። «መልሱ ምርጫው ውስጥ የለም» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ የተበላሸው ጥያቄው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጹ ላይ ከፍ ብላ የምትታየው 10 አብዛኛውን ጊዜ ተራ 10 ናት፤ «ከፍ አድርገህ አሳይ» የሚል ትእዛዝ ነው የተጻፈላት። ኮፒ ሲደረግ ቁጥሩ ይሄዳል፣ ትእዛዙ ይቀራል። ዩኒኮድ ለእነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች የራሳቸው ኮድ ስላለው በእሱ ከተጻፉ አይወድቁም። ስልክ ኪቦርድ ላይ ካጣችኋቸው 1.1^10 ብላችሁ ጻፉ። አያምርም፣ ግን አይዋሽም።

በፊደላችንም የደረሰ ነገር ነው። ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር።

ምልክት ሲጠፋባችሁ በቦታው ምን እንደመጣ እዩ። ባዶ ሳጥን □ ከሆነ አትደንግጡ፤ ምልክቱ አለ፣ ስልኩ ነው ፎንት ያጣው። ??? ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ሲቀመጥ ጠፍቷል፤ እንደገና ካልተጻፈ አይመለስም። ለኔ ከሁለቱም የሚከፋው 1.110 ነው። ሳጥኑ ቢያንስ የጎደለ ነገር እንዳለ ይናገራል፤ ይሄኛው ግን ደህና ቁጥር መስሎ ቁጭ ይላል።

ቀመሩን ፎቶ አድርገው የሚለጥፉም አሉ። ዳታ ይበላል፣ ሲጎላ ይደበዝዛል፣ ስልኩ እያነበበለት የሚማር ዓይነ ስውር ተማሪ ደግሞ ምንም አይሰማም። ለቀመር ተብሎ የተሠራው ማትኤምኤል ከ1998 ጀምሮ አለ፤ ክሮም በወጉ የተቀበለው ግን ገና በ2023 ነው (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው፤ መለማመጃ አፑም በዝቷል። አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ ከመልቀቃችሁ በፊት 1.1¹⁰ን አስገቡ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ከዚያ በርካሽ ስልክ ክፈቱት። 1.110 ከመጣ አትልቀቁት።