የኤአርቲ ክሊኒክ ስለ እንቅልፍ ለምን ይጠይቅ?

እስቲ ገምቱ፦ በጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ታካሚ ዓመት ከዓመት የሚመላለስበት፣ ነርሷ በስሙ የምትጠራው፣ ቀጠሮ ሲቀር ስልክ የሚደወልለት ክፍል የትኛው ነው? ከጥቂቶቹ አንዱ የኤአርቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና) ክሊኒክ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ እዚያ ትልቅ መተማመን ተገንብቷል። ድባቴና ጭንቀትም እዚያው ቢታከሙ የሚባለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኤንኤድስም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት መመሪያ የኤች አይ ቪና የአእምሮ ጤና አገልግሎቶች እንዲጣመሩ መክረዋል።

ነገሩ ከደግነት ያለፈ ነው። ድባቴ የያዘው ሰው እንቅልፉ ይዛባል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ነገን መጠበቅ ያቆማል። ነገን የማይጠብቅ ሰው ደግሞ ኪኒኑን ለምን ይውጥ? መጀመሪያ አንድ ቀን ይዘለላል፣ ከዚያ ሳምንት፣ ከዚያ ቀጠሮው ራሱ ይቀራል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሲያንስ ቫይረሱ መራባት ይጀምራል፤ መድኃኒቱን የተላመደ ዝርያም ሊፈጠር ይችላል። ላብራቶሪው የሚነግረን ግን ቫይራል ሎዱ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን) ከፍ ማለቱን ብቻ ነው። ሕመሙን ሆድ ይፍጀው ብሎ ለያዘ ሰው «መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ» የሚል ምክር ምን ይፈይድለታል?

መድኃኒቶቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ቀድሞ በስፋት ይሰጥ የነበረው ኢፋቪሬንዝ ቅዠት፣ ማዞር፣ አንዳንዴም ድባቴ ያመጣ ነበር። እሱን የተካው ዶሉቴግራቪር ይሻላል፤ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰዎች ግን አሉ፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት እንዲወስዱት ይመከራሉ። ደግሞ ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር የሚታዘዘው ካርባማዜፒን ዶሉቴግራቪርን በደም ውስጥ ያሳንሰዋል። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ ለሚወስድ አዋቂ በቀን አንዴ የነበረው ዶሉቴግራቪር ሁለቴ ይሆናል። የአእምሮ ሐኪሙና የኤአርቲ ነርሷ ካልተነጋገሩ የአንዱ መድኃኒት የሌላውን ያከሽፋል።

«ታዲያ በየክሊኒኩ የአእምሮ ሐኪም ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። ለመጀመሪያው እርምጃ አያስፈልግም። ነርሷ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ሁለት ነገር ትጠይቃለች፦ ደስ ይልህ የነበረው ነገር አስጠልቶሃል? ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሃል? መልሱ አዎ ከሆነ ወደ ዘጠኝ ጥያቄዎች ይታለፋል። ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው፤ ብዙ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በጥልቀት ይታያል። ዘጠነኛው ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል፤ እሱን አዎ ያለ ሰው በዚያው ዕለት ይታያል እንጂ ለሌላ ቀን አይቀጠርም። መጠይቁ በአማርኛ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሾ ለሥራ የሚበቃ ሆኖ ተገኝቷል።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ከዚምባብዌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በሐራሬ ምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠለጠነ። ክሊኒኩ ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ታካሚውን ያዳምጣሉ፤ ችግሮቹን አብረው ይዘረዝራሉ፤ አንዱን መርጠው መፍትሔ ይፈልጉለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎችን አካትቷል፤ ከመቶ 40 በላይ የሚሆኑት ኤች አይ ቪ በደማቸው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ከአያቶቹ ጋር ከተመካከሩት ከመቶ 14 ያህሉ፣ በተለመደው አገልግሎት ከቀጠሉት ግን ከመቶ 50 ያህሉ የድባቴ ምልክት ነበራቸው። በእኛም ክሊኒኮች ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ኬዝ ማናጀሮችና ደጋፊዎች ስላሉ፣ ለዚህ ሥራ ሰው ከውጭ መፈለግ ላያስፈልግ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ይታሰብበት። ዛሬ ጤናው የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት ይዞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ትራንስፖርትና ጊዜ ይተርፍለታል፤ ከባለሙያው ጋር የሚገናኘው ግን በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቀን ሳይጠየቅ ካለፈ፣ ድባቴው ዓመቱን ሙሉ ሳይታወቅ ሊከርም ይችላል።

ስለዚህ ቀጠሮ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ይህን ንገሩት፦ እንቅልፍ ማጣትንና ተስፋ መቁረጥን ልክ እንደ ሳል፣ ሳይጠየቅም ቢሆን ያንሳ። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለም እሽጉን ይዞ ሄዶ ያሳይ።