ፍል ውሃ ለመሄድ ያሰበ ሰው ምን ይወቅ?

ከሻሸመኔ ብዙም በማይርቀው ወንዶ ገነት፣ የፍል ውሃው ምንጭ ድንች ያበስላል። የአካባቢው ሰዎች በቆሎ እሸትና ድንች ይቀቅሉበታል። ያው ውሃ ወረድ ብሎ፣ በመንገዱ በርዶ ገንዳ ሲገባ ደግሞ ሰው ይዋኝበታል። ስለዚህ ጉዞውን የሚያቅድ ሰው ከሆቴሉ ዋጋ አስቀድሞ ስለ ውሃው ሊጠይቅ ይገባል፤ ምን ያህል ይሞቃል? ምንስ ይዟል?

ሙቀቱ ከጥልቁ የመጣ ነው። በአብዛኛው የዓለም ክፍል ወደ መሬት ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጨምራል። በስምጥ ሸለቆ ግን የቀለጠ ዐለት ወደ ላይ ስለሚቀርብ ጭማሪው ከዚህ ይፈጥናል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በዐለት ስንጥቅ ሰርጎ ይወርዳል፤ እታች ሲግል ይቀልና በሌላ ስንጥቅ ተገፍቶ ይወጣል። የሶደሬም ሆነ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፍልውሃዎች የተፈጠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ትኩስ ውሃ ባዶ እጁን አይወጣም። በሚያልፍበት ዐለት ያለውን ሶዲየም፣ ሲሊካና ፍሎራይድ እያሟሟ ይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ምንጮችና ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። በልጅነት ለዓመታት የተጠጣ እንደሆነ ጥርስን ያበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው የአምቦ ውሃ በካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ የሚያወጣ፣ ለመጠጥ የታወቀ ማዕድን ውሃ ነው፤ በየገንዳው ያለውን ግን ከእሱ ጋር አንድ አድርጎ መጎንጨት አይገባም። የሚጠጣ ውሃ ከቤት ይያዛል።

የብር ሐብልና መስቀልም ቤት ቢቀር ይሻላል። ድኝ ያለበት ውሃ ብርን ያጠቁራል።

ሰውነት ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ ሲቆይ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመምተኞች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ሞቅ ባለ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ኔግሌሪያ ፋውለሪ የተባለ አሜባ ሊኖር ይችላል። በአፍንጫ ገብቶ አንጎል ይደርሳል። እጅግ ብርቅ ነው፤ የያዘውን ግን ሁልጊዜ ሊባል በሚችል መጠን ይገድላል። ጥንቃቄው በክሎሪን ያልታከመ ውሃ ውስጥ ጭንቅላትን አለመድፈቅ ነው።

የምንጮች ጠባይም መሬት ሲናወጥ ይለዋወጣል። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ በአዋሽ ፓርክ በሚገኘው የፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ተንቀጠቀጠ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በአፋር ዱለቻ ወረዳ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ፈንድቶ ወጣ። ወደ አዋሽ ፍልውሃ ለመሄድ የሚያስብ ጎብኚ ታዲያ ከመነሳቱ በፊት ፓርኩ ዘንድ ደውሎ የመንገዱንና የምንጮቹን ሁኔታ ያጣራ። ሲደርስም የት መዋኘት እንደሚፈቀድ ጠባቂውን ይጠይቅ፤ አዋሽ ወንዝ ውስጥ አዞ አለ።