ባክቴሪያን የሚያጠቃው ቫይረስ ለቁስልና ለአጥንት

ባክቴሪዮፌጅ፣ በአጭሩ ፌጅ፣ ባክቴሪያን እንጂ የሰውን ሕዋስ የማያጠቃ ቫይረስ ሲሆን፣ ባክቴሪያ ባለበት ሁሉ፣ በዓባይ ውኃም ሆነ በቢቸናና በሞጣ የማሳ አፈር ውስጥ፣ ይገኛል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት በ1915 እ.ኤ.አ.፣ በፓሪስ ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል ደግሞ በ1917 ለየብቻቸው ከደረሱበት በኋላ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ሲስፋፉ በፌጅ ማከም በብዙ አገር ቢረሳም፣ በጆርጂያዋ ትብሊሲ ዛሬም ሕሙማን ይታከሙበታል።

የአሁኑ ተስፋ ግን ባክቴሪያን በመግደል አይወሰንም። አሜሪካዊው ጆርጅ ስሚዝ በ1985 ባዕድ የዘረ መል ቁራጭ በፌጅ ዘረ መል ውስጥ ቢያስገባ፣ ከቁራጩ የሚመረተው ፕሮቲን በቫይረሱ ልባስ ላይ እንደሚወጣ አሳየ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ያደረገው ይህ ዘዴ ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጠው አዳሊሙማብ እንዲገኝ ረድቷል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ኤም 13 የተባለው ፌጅ ነው። ርዝመቱ ወደ 880 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ 7 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ክር ሲሆን (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)፣ ልባሱ ወደ 2,700 ጊዜ በተደጋገመ አንድ ፕሮቲን የተሠራ በመሆኑ፣ አንድ ዘረ መል ሲለወጥ ለውጡ በክሩ ርዝመት ሁሉ ይታያል። በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕዋሳት የሚጣበቁበትን አርጂዲ የተባለ የሦስት አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት በልባሱ ላይ አውጥተው፣ ፌጆቹን እንደ ሸማኔ ድር ጎን ለጎን ሲያሰልፉ፣ ወደ ነርቭነት የሚያድጉ ሕዋሳት የክሮቹን አቅጣጫ ተከትለው ተዘረጉ። ሌሎች ተመራማሪዎችም እንዲህ ያለውን ፌጅ በሸክላ መሰል መደገፊያ ውስጥ አኑረው፣ በአይጦች ላይ የደም ሥር ያለው አዲስ አጥንት እንዲበቅል አድርገዋል። የጠፋን አካል መልሶ የሚያበቅለው ተሃድሷዊ ሕክምና የሚሻው እንዲህ ያለ በባክቴሪያ ውስጥ ያለ ብዙ ወጪ የሚራባ መደገፊያ ነው፤ ሆኖም ሰውነት ፌጁን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ አካል ስለሚያመርትበት፣ ከተራባበት ባክቴሪያ የሚቀረውን መርዝም ማጥራት ግድ ስለሚል፣ ሥራው ገና ከቤተ ሙከራ አልወጣም።

ለቢቸናና ለሞጣ ሕሙማን ይበልጥ የሚቀርበው ግን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የያዘውን ቁስል ማዳን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ አንዲት ታዳጊ ሕመምተኛ በሦስት ፌጆች ቅልቅል ስትታከም፣ ሁለቱ ባክቴሪያውን አጥብቀው እንዲገድሉ በዘረ መል ምሕንድስና የተለወጡ ነበሩ። አንድ ፌጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው የአንድን ባክቴሪያ ጥቂት ዝርያዎች ብቻ ስለሆነ፣ በቁስሉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሳይታወቅ ፌጅ መምረጥ አይቻልም፤ ስለዚህ በደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣና ባሕር ዳር መንገድ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው፣ የቁስል ናሙና ሳይበላሽ ደርሶ ባክቴሪያው የሚለይበት ላቦራቶሪ ነው።