«ፍላሹ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ሙሽራዋ ከእናቷ ደጃፍ ስትወጣ ፍላሼ ዝም አለ። እልልታው ቀልጧል፣ ሚዜዎቹ ከፊቴ ተደርድረዋል፣ ሻተሩን ደጋግሜ እጫናለሁ፤ ብርሃን የለም። በማግስቱ ያሳየሁት ጠጋኝ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ገዛሁ። አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ከወራት በኋላ የድንጋይ ማስገቢያውን ክዳን ስከፍት አንደኛው ጥምዝ ሽቦ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ጋግሮ አየሁ። ጥጥ ኮምጣጤ አስነክቼ ጠረግሁት፣ በደንብ አደረቅሁት፣ በላጲስ ፈተግሁት። አራት አዲስ ድንጋይ ስጨምርበት ያ ቀጭን የመሙያ ድምፁ ተሰማ፤ ቀዩ መብራትም በራ።

«ፍላሽ ካልበራ ተቃጥሏል» የሚለው እምነት ብዙ ደህና ዕቃ አስጥሏል። ከአልካላይን ድንጋይ የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የብረቱን ጫፍ ይበላዋል፤ ኮምጣጤ ደግሞ ያመክነዋል። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት አድምጡት። የመሙያ ድምፅ ጭራሽ ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድንጋዩና መገናኛው ነው። በመሞከሪያው ቁልፍ እየበራ ካሜራው ላይ እምቢ ካለ እግሩና የካሜራው አናት የሚገናኙባቸው ነጥቦች ይጽዱ፤ ካሜራው ድምፅ አልባ አነሳስ ላይ መሆኑንም እዩ፣ ብዙ ካሜራ በዚያ ጊዜ ፍላሽ ይከለክላል። ሞልቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ በመሞከሪያውም ካልፈነጠቀ ግን ችግሩ ወደ አምፖሉ ወይም ወደ ማስነሻው ሰርኪዩት ይሄዳል። ኃይሉን ዝቅ ብታደርጉትም ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል የሚፈነጥቅ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑን የሚቆርጠው ክፍል ሳይበላሽ አልቀረም።

«ቀስ ብሎ የሚሞላ ፍላሽ አርጅቷል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ የድንጋዩ ጥፋት ነው። ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ 1.2 ቮልት ብቻ ነው ብለው የሚንቁት አሉ፤ ነገር ግን ኃይሉን ፈጥኖ ስለሚለቅ ከ1.5 ቮልቱ አልካላይን ቀድሞ ፍላሹን ይሞላል።

አሁን ስለ አደገኛው እምነት። «ድንጋዩን ካወጣሁ ልፈታው እችላለሁ» የሚል ወጣት ሳይ ልቤ ይሰጋል። ከአራት ድንጋይ የሚገባው 6 ቮልት ፍላሹ ውስጥ 300 ቮልት አካባቢ ይደርስና ካፓሲተሩ ላይ ይጠራቀማል። ፍላሹ ቢጠፋም ድንጋዩ ቢወጣም እዚያው ይቆያል። ንክኪው ሰው ሊገድል ይችላል። ኮንታክት ማጽዳት የእናንተ ሥራ ነው፤ ብሎን መፍታት ግን ካፓሲተር ማራገፍ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ይጠገን ወይስ ይቀየር? «የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ በታች ከሆነ ይጠገን» የሚለው ልማድ መጥፎ አይደለም፣ ግን የተሰበረው ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የተሰነጠቀ እግር፣ የላላ ክዳን፣ የተበጠሰ ሽቦ ሲጠገን ቀሪው ዕቃ እንደነበረው ነው። አምፖልም መለዋወጫው ከተገኘ ያዋጣል። ቦርዱ የተቃጠለ ወይም ውኃ የገባበት ግን፣ ዛሬ ቢነሳ እንኳ ነገ ደጃፍ ላይ ዝም ሊል ስለሚችል፣ ለዋና ሥራ እንዳታምኑት። የሰው ሰርግ አይደገምም።

«አሮጌ ፍላሽ ጠንካራ ነው» ብሎ የአባቱን ዕቃ አሳድሶ ዲጂታል ካሜራ ላይ የሚሰካም ይጠንቀቅ። አንዳንዶቹ የድሮ ሞዴሎች በእግራቸው በኩል ከ200 ቮልት በላይ ወደ ካሜራው ይልካሉ። ጠጋኙ በመልቲሜትር ይለካላችሁ፤ ከ6 ቮልት ካለፈ፣ የካሜራችሁ መመሪያ ካልፈቀደ በቀር፣ አትሰኩት።

ሳይነካ የተቀመጠ ፍላሽም ደህና ነው ማለት አይደለም። ካፓሲተሩ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ሲቀመጥ ይዳከማል፤ በወር አንዴ ሞልቶ ጥቂት ጊዜ ቢፈነጥቅ ይበጀዋል። ያ የመሳቢያው ፍላሼ ዛሬ ከሙሽሮቹ ጀርባ ቋሚ ላይ ሆኖ የቬሉን ጠርዝ ያበራልኛል። ሰርጉ ሲያልቅ፣ ቦርሳዬን ከመዝጋቴ በፊት፣ አራቱንም ድንጋይ አወጣለታለሁ።